ከየት ተነስቶ?

ዛሬ የምንወያየው «ከየት ተነስቶ?» ስለምትለው ትንሽ ጥያቄ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በገርጂ የሚኖሩ አንዲት እናት፣ ጅዳ ያለች አራስ ልጃቸውን ለመጠየቅ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጠው ወደ እኔ መጡ። «እስቲ መምህር፣ ስንት ሰዓት ይላል?» አሉኝ። አየሁና «ሦስት ሰዓት» አልኳቸው። የተጻፈው 03:00 ነው፤ ቁጥሩን አልተሳሳትኩም። እሳቸውም እንዳይረፍድባቸው ብለው በማግስቱ ጠዋት በ1 ሰዓት ቦሌ ደረሱ። አውሮፕላኑ ግን ሌሊት በ9 ሰዓት ተነስቶ ሄዷል! ያዘጋጁት የገንፎ ዱቄትና ንጥር ቅቤ ተመልሶ ገርጂ ገባ። እኔም አስተማሪው አንገቴን ደፋሁ።

ስህተቱ የት ላይ ነው? ቁጥሩን አነበብኩ እንጂ ከየት እንደሚቆጠር አልጠየቅኩም። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ክረምት ከበጋ ፀሐይ የምትወጣው በ12 ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ ንጋት ጥሩ መነሻ ሆኖናል። ትኬቱ ግን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው። በሁለቱ መካከል 6 ሰዓት አለ።

በዓመት ቆጠራም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው ደግሞ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። በእኛ አቆጣጠር ሁለቱም በአንድ ዓመት ሆኑ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ግን የተቋቋመው በ1945፣ የበረረው በ1946 ነው። ማን ተሳሳተ? ማንም! መነሻቸው ይለያያል እንጂ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ያኔ የከተማችን አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር። የጄት ዘመን ሲመጣ የልደታ ሜዳ ስላነሰ ቦሌ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ጄቶች ሥራ ጀመሩ። እንግዲህ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር በሚበር ጄት ውስጥ ቡና ቢቀዳ ምን ይሆናል? ወደ ኋላ ይፈስሳል እንዴ? የለም፤ ቀጥ ብሎ ሲኒው ውስጥ ይወርዳል። ከወንበሩ አንጻር ሲኒው አልተንቀሳቀሰም፤ ከመሬት ሆኖ ለሚያይ ግን ይከንፋል።

ይህን ነገር ጣሊያናዊው ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1632 ባሳተመው መጽሐፍ በመርከብ አስረድቶታል። መርከቢቱ ሳትናወጥ በእኩል ፍጥነት ቀጥ ብላ ከሄደች፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው መቆሟንና መሄዷን መለየት አይችልም። ጋሊሌዮ ይህን ያነሳው «ምድር ብትንቀሳቀስ ኖሮ ይታወቀን ነበር» ለሚሉት መልስ እንዲሆን ነው። በዓመቱም ለፍርድ ቀረበ። ነገሩ ግን እውነት ነበር፤ ገርጂ በረንዳው ላይ ቁጭ ያለ ሰው እንኳ ከምድር መዞር ጋር በሰዓት ወደ 1,650 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል። ፍጥነቱ ስለማይለዋወጥ አይታወቀውም። አውቶቡስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ግን ሁላችንም ወደ ፊት እንንገዳገዳለን፤ የሚሰማን የፍጥነቱ መለዋወጥ ነውና።

አሁን ደብተራችሁን አውጡና ጻፉ። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ከ6 ከበለጠ 6 ቀንሱ፤ ካልበለጠ 6 ጨምሩ። ውጤቱ ከ12 ካለፈ 12 ቀንሱለት። 03:00 ሌሊት 9 ሰዓት ነው። 21:00 ስንት ይሆናል? ቤት ውስጥ ሥሩት።

እኚያ እናት ከወር በኋላ ሌላ ትኬት ይዘው መጡ። እኔ አፌን ሳልከፍት፣ «መምህር፣ መጀመሪያ ከየት እንደሚቆጠር ንገረኝ» አሉኝ። ትምህርቱን ከእኔ ቀድመው ያዙት። ደህና ሁኑ!