ልማቱ የት ይረፍ? መዝናኛና ንግድ በባቢሌ የዝሆን መጠለያ

የባቢሌ የዝሆን መጠለያ በ1962 ዓ.ም. ሲቋቋም 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ተከልሎለት ነበር። ጎበሌ፣ ኤረር፣ ዳካታና ፋፈን ከሐረርና ከጅግጅጋ ከፍታዎች ተነሥተው ወደ ዋቢ ሸበሌ የሚወርዱት በዚሁ ምድር ነው። መጠለያው ዛሬ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን ላይ ይገኛል፤ የሚያስተዳድረው ግን የፌዴራሉ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ስፍራ ውይይት በተነሣ ቁጥር የሚጠየቀው ምን ያህል ጎብኚ፣ ምን ያህል ባለሀብት ይግባ የሚል ነው። በእኔ እምነት ከመጠኑ በፊት መጠየቅ ያለበት ቦታው ነው። ልማቱ የት ያርፋል? ፈቃዱንስ ማን ይፈርማል?

ለዚህ ከጉሎ እርሻው የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲንር ከዕፅዋት የሚገኝ ነዳጅ ተስፋ ተጣለበት። ፍሎራ ኢኮፓወር የተባለ የጀርመን ኩባንያም በምሥራቅ ሐረርጌ ጉሎ ለማልማት መሬት ወሰደ፤ ከመሬቱ ብዙው ከመጠለያው ጋር ተደራርቦ ተገኘ። ዝሆኖቹን ለዓመታት ያጠኑት ይርመድ ደመቀን የመሰሉ ተመራማሪዎች ድምፃቸውን አሰሙ። በዚያው ዘመን በተደረገ ቆጠራ የዝሆኖቹ ቁጥር ከ300 ብዙም የማይዘል ነበርና ስጋታቸው የተጋነነ አልነበረም። አንድ ዐዋቂ ዝሆን በቀን ከ100 ሊትር በላይ ውሃ ሊጠጣ ይችላል። መንጋው እንደ ወቅቱ ከሸለቆ ሸለቆ ይዘዋወራል፣ በወንዝ ዳር ጥላና በበለስ ቁልቋል ይኖራል። ለእርሻ የሚመቸውም ያው ለጥ ያለው፣ ውሃ የማይርቀው የሸለቆ ወለል ነው። ግመሉን የሚያጠጣ አርብቶ አደርም፣ ለውዝ የሚዘራ ገበሬም የሚፈልጉት እሱኑ ነው። ፉክክሩ በ6,982ቱ ካሬ ኪሎ ሜትር ሁሉ ላይ እኩል የተዘረጋ ሳይሆን በእነዚህ ጠባብ ወለሎች ላይ የተከማቸ ነው።

ሕግ አልጠፋም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ክልሎች መሬትን የሚያስተዳድሩት በፌዴራል ሕግ መሠረት መሆኑን ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ፈቃድ ሰጪ አካል የኢንቨስትመንት ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ መጽደቁን እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። ክፍተቱ ያለው መሬቱን የሚሰጠው እጅና ዝሆኑን የሚጠብቀው እጅ የተለያዩ በመሆናቸው ነው። መሬት ሰጪው ገቢና ሥራ ይቆጥራል፤ የሸለቆው መዘጋት የሚያስከትለው ጉዳት ግን በሌላ መሥሪያ ቤት መዝገብ ይሰፍራል።

መዝናኛን በተመለከተ የምሥራቁ ሁኔታ ከሚታሰበው ይልቅ ምቹ ነው። ጅግጅጋ የክልል መዲና ከሆነች ወዲህ ሰፍታለች፤ ነዋሪዎቿ በበዓልና በዕረፍት ቀን ቤተሰብ ይዘው የሚወጡበት ስፍራ ይሻሉ። አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡት የዳካታ ዐለቶች ከጅግጅጋ ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆመዋል። መኪና ድሮም ያልፍበታል፤ ዝሆን ፍለጋ ሸለቆ መውረድም አያስፈልግም። ሻይ ቤቱ፣ የግመል ወተት መሸጫው፣ የባቢሌ ለውዝ፣ ማደሪያውም ሳይቀር በዚህ የመንገድ ዳር ቢሰባሰብ ንግዱ ገዢ አያጣም። ወደ ኤረርና ጎበሌ መውረድ ለሚፈልግ ጎብኚ ከአካባቢው ሰው ጋር በእግር መሄድ ይበቃዋል። እዚያ ሆቴል፣ አጥርም ሆነ ለንግድ የሚቆፈር ጉድጓድ መፈቀድ የለበትም።

የታንዛኒያው ንጎሮንጎሮ ለዚህ አሳብ ድጋፍም ማስጠንቀቂያም ነው። በዚያ ሆቴሎቹ የተሠሩት በእሳተ ገሞራው ሰፊ ጉድጓድ ከንፈር ላይ ነው፤ ወለሉ ለእንስሳቱ ተትቷል። ይሁንና በ1959 እ.ኤ.አ. ከማሳይ ጋር የጋራ መኖሪያ እንዲሆን በተከለለው በዚያው ምድር ማሳዮች በቅርብ ዓመታት ወደ ሌላ ስፍራ እንዲዛወሩ ተደርጓል፤ ይህም ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። ጉብኝት ብቻውን ከጉሎ ይሻላል ማለት አይደለም። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ለአርብቶ አደሩ በነፃ የማሰማራትና ያለመፈናቀል መብት ሰጥቶታል። በዳካታም ሆነ በኤረር የሚወጣ ዕቅድ ይህን መብት እንደ ግዴታ ይቁጠረው። የሶማሌ ግመል ጠባቂና የኦሮሞ ለውዝ ዘሪ ዝሆን ሰብል ሲበላባቸው ካሳ፣ ጎብኚ ሲመጣ ድርሻ ማግኘት አለባቸው።

በ2010 ዓ.ም. በሁለቱ ክልሎች ወሰን የተፈጠረው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያፈናቀለ ነውና የጋራ አስተዳደር ቀላል ነው አልልም። ቢሆንም የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ውል ትንሽ ነው፤ የአራቱን ሸለቆዎች ወለል የሚያሳይ አንድ ካርታ፣ በዚያ ካርታ ላይ የሚሰጥ ማንኛውም ፈቃድም የኦሮሚያን፣ የሶማሌንና የባለሥልጣኑን ሦስት ፊርማ ካላገኘ የማይጸና መሆኑ።