«ኦንላይን» የሚለው ቃል ጉዞ፦ የሶፍትዌር እገዛ ቅርጾች ታሪክ



ተማሪዎቼን «ኦንላይን እገዛ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ኢንተርኔትን ይጠቅሱልኛል። ቃሉ በመጀመሪያ ግን ሌላ ትርጉም ነበረው፤ ከወረቀት መጽሐፍ ተለይቶ በኮምፒውተሩ በራሱ ላይ የሚነበብ መመሪያ ማለት ነበር። ዛሬ የምመረምረው ይህ የትርጉም ለውጥ ምን እንደ ሰጠንና ምን እንዳሳጣን ነው።

ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብራቶሪ ያዘጋጁት የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1971 ነው። እያንዳንዱ ትእዛዝ የየራሱ ገጽ ነበረው፤ ገጹም ስሙን፣ አጻጻፉንና አሠራሩን ይገልጽ ነበር። የሚታወቁ ጉድለቶችም ሳይደበቁ በየርዕሳቸው ተመዝግበዋል። የመመሪያው ቅርጽ በተራ ጽሑፍ ላይ የቆመ በመሆኑ ዛሬም ያለ ችግር ይነበባል።

እ.ኤ.አ. በ1990 ከዊንዶውስ 3.0 ጋር ዊንሄልፕ መጣ። አንባቢው አረንጓዴ ሆኖ የተሰመረበትን ቃል ሲጫን ወደ ሌላ ርዕስ ይሻገር ነበር። ጸሐፊው በግርጌ ማስታወሻ ምልክት እያደረገ ያዘጋጀው ሰነድ ግን ተጠናቅሮ ዝግ ፋይል ይሆን ነበር። በ1997 የተተካው ኤችቲኤምኤል ሄልፕም የድር ገጾችን አምቆ በአንድ ፋይል የሚያኖር ነበር። ዊንዶውስ ቪስታ ሲወጣ የዊንሄልፕ ማንበቢያ ከሥርዓቱ ጋር አብሮ መምጣቱ ቀረ፤ ፋይሎቹ ሳይጠፉ አንባቢያቸው ጠፋ።

ከዚያ በኋላ እገዛው ወደ ድር ተሻገረ። ስሕተት በዕለቱ ይታረማል፤ ይህ ታላቅ ትሩፋት ነው። ነገር ግን አዲሱ ገጽ አሮጌውን ሲተካ፣ የቀድሞውን ሶፍትዌር የሚጠቀም ሰው መመሪያ አልባ ይሆናል። እዚህ በቤተ ሙከራችን የኢንተርኔት መስመር ሲቋረጥ ደግሞ ፕሮግራሙ እየሠራ ማብራሪያው ይሰወራል። ተማሪው እገዛ የሚሻው ግን በዚያችው ሰዓት ነው።

ስለዚህ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት ወደ ኋላ እንመለስ የሚል አይደለም። ነገ ሶፍትዌር የምትሠሩ ተማሪዎቼ፣ መመሪያችሁን በድር አውጡት፤ ቅጂውን ግን በተራ ጽሑፍ፣ ከነእትም ቁጥሩ፣ ከፕሮግራሙ ጋር አኑሩት። ጉድለቱንም እንደ ቀደምቶቹ ሳትደብቁ ጻፉ።