ለእጅ ጨዋታ መሣሪያዎች ኢሙሌተር መምረጥ

ኢሙሌተር (አስመሳይ ሶፍትዌር) የአንድን መሣሪያ አሠራር በሌላ ማሽን ላይ በፕሮግራም የሚተካ ሶፍትዌር ነው። እንደ ጌም ቦይና ፒኤስፒ ላሉ በእጅ የሚያዙ መሣሪያዎች የተሠሩ ጨዋታዎችን በስልክ ወይም በኮምፒውተር ለመጫወት ያገለግላል። ለሁሉም የሚሆን አንድ ምርጥ ኢሙሌተር የለም። ምርጫው በሚመሰለው መሣሪያና ተጠቃሚው በእጁ ባለው ማሽን ይወሰናል።

ትክክለኛነትና ፍጥነት

ኢሙሌተር ዋናውን መሣሪያ በትክክል በመሰለ መጠን ብዙ ሥራ ይሠራል፤ ሥራው በበዛ መጠን ደግሞ ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ጌም ቦይ ፕሮሰሰሩ 4.19 ሜጋኸርዝ፣ ስክሪኑ 160 በ144 ነጥብ ብቻ ነበር። ስለዚህ ደካማ ስልክ እንኳ እያንዳንዱን እርምጃውን ሊከተል ይችላል፤ እንደ ሴምቦይ ያሉት ኢሙሌተሮችም ትክክለኛነትን ያስቀድማሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ለወጣው ጌም ቦይ አድቫንስ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ኤምጂቢኤ ፍጥነትንም ትክክለኛነትንም አጣምሮ የያዘ ነው።

ፒኤስፒ ግን እስከ 333 ሜጋኸርዝ የሚደርስ ፕሮሰሰርና የራሱ የሥዕል ክፍል አለው። ሄንሪክ ሪድጎርድ የጀመረውና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ፒፒኤስኤስፒፒ እያንዳንዱን እርምጃ አይከተልም። የጨዋታውን ትእዛዞች ወደ ስልኩ ፕሮሰሰር ቋንቋ እየተረጎመ ያስኬዳል፤ የፒኤስፒን የውስጥ ሶፍትዌር ተግባሮችም ራሱ ይተካቸዋል። በዚህም ምክንያት ባዮስ የሚባለውን ፋይል አይፈልግም፤ «ባዮስ አውርድ» እያለ የሚጠይቅ ቅጂ ካጋጠመ ሊጠረጠር ይገባል።

በኢትዮጵያ ገበያ የሚገኙት ርካሽ የአንድሮይድ ስልኮች ለጌም ቦይ አድቫንስ ይበቃሉ። ለፒኤስፒ ግን የምስሉን ጥራት በመሣሪያው የራሱ መጠን (480 በ272) መተውና የሥዕል አሠራሩን ከቩልካን ወደ ኦፕንጂኤል ወይም በተቃራኒው ቀይሮ መሞከር ያስፈልጋል። ቦታም ይታሰብበታል፤ የጌም ቦይ አድቫንስ ካርትሪጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ32 ሜጋባይት አይበልጥም፣ የፒኤስፒ ዲስክ ግን እስከ 1.8 ጊጋባይት ይይዛል።

የጨዋታ ማስቀመጫ

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት፣ ጉዳቱም ዘግይቶ የሚታየው ይህ ነው። ጨዋታ በሁለት መንገድ ይቀመጣል። አንደኛው ጨዋታው ራሱ በካርትሪጁ ላይ ይጽፈው የነበረው መዝገብ ነው፤ ይህ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ኢሙሌተር ወደ ሌላው ይዛወራል። ሁለተኛው ሴቭ ስቴት ይባላል፤ ኢሙሌተሩ በዚያች ቅጽበት በሚሞሪው ያለውን ሁሉ እንዳለ ያስቀምጣል። ምቹ ነው፣ ነገር ግን በሌላ ኢሙሌተር፣ አንዳንዴም በዚያው ኢሙሌተር አዲስ እትም ላይ አይከፈትም። በሴቭ ስቴት ብቻ የተማመነ ተጫዋች ስልክ ሲቀይር የወራት ጨዋታውን ሊያጣ ይችላል።

የመጀመሪያው መንገድም የራሱ ችግር አለው። የጌም ቦይ አድቫንስ ካርትሪጆች የተለያየ ዓይነት ማስቀመጫ ነበራቸው፤ ኢሙሌተሩ የትኛው እንደሆነ መለየት አለበት። ለምሳሌ ፖኬሞን ኤመራልድ 128 ኪሎባይት ፍላሽ ይጠቀማል፤ 64 ኪሎባይት ተብሎ ከተከፈተ ማስቀመጥ አይቻልም። በቆዩ ኢሙሌተሮች ይህ በእጅ መስተካከል ነበረበት። ከዚህ የባሰው ቦክታይ የተባለው ጨዋታ ነው፤ ካርትሪጁ የፀሐይ ብርሃን የሚለካ መሣሪያ ስላለው ኢሙሌተሩ ፀሐይንም ማስመሰል ይኖርበታል። ኤምጂቢኤ ይህን ያደርጋል።

ሕግ

እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት ሶኒ ኮኔክቲክስን በከሰሰበት ጉዳይ፣ ኢሙሌተር ለመሥራት ሲባል የባዮስን ኮድ ገልብጦ ማጥናት ፍትሐዊ አጠቃቀም ነው ተብሎ ተወሰነ። ጨዋታዎቹ ግን የባለመብቱ ናቸው። በኢትዮጵያም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ይቆጥራል።

ኢሙሌተር ሊዘጋም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኒንተንዶ ዩዙ የተባለውን ኢሙሌተር የሚሠራውን ድርጅት ከሰሰ፤ ጉዳዩ በ2.4 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ሲያልቅ የእጅ መሣሪያ የሆነው ኒንተንዶ 3ዲኤስ ኢሙሌተር ሲትራም አብሮ ቆመ። ኤምጂቢኤና ፒፒኤስኤስፒፒ ክፍት ምንጭ ስለሆኑ ኮዳቸውን ሌሎች ሊቀጥሉበት ይችላሉ።