የማስረዳት ሸክሙ የማን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለወዳጄ ልጅ ሽማግሌ ሆኜ ‹‹ልጃችሁን ለልጃችን›› ልል ሄጄ ነበር፡፡ የልጅቷ ቤተሰቦች ‹‹አጥንቱ ይጠና›› አሉ፡፡ ሲጠና አያቱ ሸክላ ሠሪ ሆነው ተገኙ፡፡ እኔም፣ ሕግ ተማርኩ የምለው ሰው፣ ‹‹ልጁ እኮ ዲግሪ አለው፤ አይጠጣም፣ አያጨስም›› እያልኩ ተከራከርኩ፡፡ ባዶ እጃችንን ተመለስን፡፡ ጥፋቴ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው፤ እንዲገባኝ ያደረጉትም ከልጅነቴ ጀምሮ የምወዳቸው የህንድ ፊልሞች ናቸው፡፡

በሕግ ‹‹የማስረዳት ሸክም›› የሚባል ነገር አለ፤ ባጭሩ የከሰሰ ያስረዳል፡፡ ፍቅርንና የካስት ልዩነትን በሚያነሱት የቀድሞ የህንድ ፊልሞች ግን ሸክሙ የወደቀው በተናቀው ወገን ላይ ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣው ‹‹አቹት ካንያ›› ጥሩ ማሳያ ነው፡፡ ዴቪካ ራኒና አሾክ ኩማር የሚተውኑበት ይህ ፊልም የብራህሚን ልጅና ‹‹አይነኬ›› ከሚባሉት የተወለደች ልጃገረድ ሲዋደዱ ያሳያል፡፡ አይጋቡም፡፡ በመጨረሻ እሷ ሌሎችን ለማዳን ባቡር ልታስቆም ስትሞክር ትሞታለች፡፡ ሰውነቷ የተመሰከረላት በሞቷ ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ1950 ሥራ ላይ የዋለው የህንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 17 ‹‹አይነኬነትን›› ሻረ፡፡ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ቢማል ሮይ ‹‹ሱጃታ››ን ሠራ፡፡ በብራህሚን ቤት ያደገችው ‹‹አይነኬ›› ልጅ በአሳዳጊዋ ልብ ሙሉ ተቀባይነት የምታገኘው ሴትዮዋ ተጎድታ የእሷ ደም ሲያድናት ነው፡፡ ፊልሙ ቅን ነው፤ ግን ደም ባትሰጥስ ኖሮ?

ልዩነቱ የካስት ብቻ አይደለም፡፡ የማኒ ራትናም ‹‹ቦምቤይ›› (1995) ሂንዱ ባልና ሙስሊም ሚስትን በ1992 እና 1993 የከተማዋ ሁከት መሃል ያስቀምጣል፡፡ የ1954ቱ የልዩ ጋብቻ ሕግ ሃይማኖት ሳይቀይሩ መጋባትን ቢፈቅድም፣ ማስታወቂያው ለ30 ቀናት ተለጥፎ ተቃዋሚ እንዲጠበቅ ያዛል፡፡ ተጋቢዎቹ በሕግ ፊትም ደጅ ይጠናሉ ማለት ነው፡፡

የናግራጅ ማንጁሌ ‹‹ሳይራት›› (2016) ደግሞ ምንም አያለዝብም፡፡ የባለሥልጣን ልጅና የዓሣ አጥማጅ ልጅ ተዋደው ይጠፋሉ፤ ትዳር ይመሠርታሉ፤ ልጅ ይወልዳሉ፡፡ ከዚያ ዘመዶቿ ስጦታ ይዘው ይመጣሉ፡፡ ሕፃኑ ወላጆቹን የሚያገኛቸው ተገድለው ነው፡፡ ልብ በሉ፣ የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በላታ ሲንግ መዝገብ፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው የፈለገውን የማግባት መብት እንዳለው ካወጀ (2006) ያኔ አሥር ዓመት ሆኖታል፡፡

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የማሪ ሴልቫራጅ የታሚል ፊልም ‹‹ፓሪየሩም ፔሩማል›› (2018) ነው፡፡ ባለታሪኩ የሕግ ተማሪ የሆነ የዳሊት ወጣት ነው፡፡ ከእሱ ‹‹ከፍ ያለ›› ካስት የሆነች የክፍል ጓደኛው ቤተሰብ ሠርግ ላይ ተጋብዞ ሄዶ ተደብድቦና ተዋርዶ ይመለሳል፡፡ በመጨረሻ ከአባቷ ጋር ይነጋገራሉ፡፡ ልጁ አይለምንም፤ ውለታም አይቆጥርም፡፡ መልእክቱ ‹‹እናንተ ካልተለወጣችሁ ምንም አይለወጥም›› ነው፡፡ ፊልሙ ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት የሻይ ብርጭቆዎች ይዘጋል፡፡ እነሆ ሸክሙ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ!

የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 በዘር፣ በብሔር ወይም በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግ መጋባት መብት ነው ይላል፡፡ እኔ ግን ያን ቀን፣ ያልተከሰሰበትን ጠጪነት እያነሳሁ ለልጁ መከላከያ አቀረብኩ፡፡ ማለት የነበረብኝ ‹‹ሸክላ መሥራት ምን ነውር አለው? እስቲ እናንተ አስረዱን›› ነበር፡፡ አላልኩም፡፡