ዝናቡ መጣ፤ በሬውስ?

በወሎ ደጋ የካቲት ገብቶ በልጉ ሲዘገይ የገበሬው ዓይን ከሰማይ አይወርድም። መጋቢትም ከደረቀ በየደብሩ ምሕላ ይያዛል፤ ሙስሊሙም ለዝናብ ሶላት ሜዳ ይወጣል። ጸሎቱ ሰምሮ ዶፉ ሲወርድ እልልታው ከመንደር መንደር ይቀባበላል።

ያገሪቱ የረሃብ ታሪክ ግን ከእልልታው በኋላ ያሉትን ወራት በክፉ ያነሣቸዋል። በመጀመሪያው ዝናብ የተዘራ የበልግ ገብስ ለአፍ የሚደርሰው ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው። በክረምቱ የተዘራ ጤፍ ደግሞ ኅዳርን ይጠብቃል። እስከዚያ ጎተራው ባዶ ነው፤ ዘሩም ተበልቷል።

የ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ያለው ዘመን፣ ይህን በግልጽ አሳይቷል። የዝናቡ መጥፋት ሳያንስ፣ ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ባስገቧቸው ከብቶች የገባው የደስታ በሽታ አገሩን አዳረሰ። ከአገሪቱ ከብት 90 በመቶው አልቋል የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ዝናቡ ሲመለስ መሬቱ ረጠበ፤ የሚያርሰው በሬ ግን አልነበረም። አንድ ጥማድ በሬ በቀን ሩብ ሄክታር ያህል ያርሳል፤ የተራበ ሰው በዶማ ምን ያህል ይቆፍራል? ጤፍ ደግሞ ተደጋግሞ ያልታረሰ መሬት አይወድም። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር መኳንንቱንና ሕዝቡን ያበረታቱት ለዚህ ነበር።

ገበሬው ለእንዲህ ያለው ጊዜ የራሱ መላ አለው። አንድ በሬ የቀረው፣ አንድ ከቀረው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ በየተራ ያርሳል። ጭራሽ በሬ የሌለው ጉልበቱን ሰጥቶ ሌላው እንዲያርስለት ይዋዋላል፤ ወይም መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጥና የምርቱን ድርሻ ይጠብቃል። መላው የሚሠራው ግን በአካባቢው በሬ ያለው ሰው እስካለ ድረስ ነው። ድርቁ ሁሉንም እኩል ሲመታ የሚቀናጁት ይጠፋል።

በ1977 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው። ገበሬው በሬውን በርካሽ ሸጦ እህል በውድ ገዝቶ ነበር፤ እህሉ ሲያልቅ እርዳታ ፍለጋ ወጣ። ጥቅምት 13 ቀን ቢቢሲ ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ መከራውን ለዓለም አሳየ። ኮረም ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ብርዳም ከተማ ነው፤ መጠለያና ልብስ ላልነበረው ተፈናቃይ ካፊያው እንኳ ሌላ መከራ ነበር። በረሃቡ የሞቱት ሰዎች ግምት ከ400,000 እስከ 1 ሚሊዮን ይደርሳል።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ በጎንደር ክፍለ ሀገር የእብናት መጠለያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተረጂዎች እንዲወጡ ተደረገ፤ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። የባለሥልጣናቱ ምክንያት ዝናቡ ስለ ጀመረ ሕዝቡ ቀዬው ገብቶ ማረስ አለበት የሚል ነበር። በምን በሬና በምን ዘር እንደሚያርስ ግን ምክንያቱ አይመልስም። ከመጠለያው የወጡት ብዙዎቹ ገና በቅጡ ያላገገሙ ነበሩ።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ኤልኒኞ ያስከተለው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው ለምግብ እርዳታ ዳረገ። ዝናቡ ሲመጣ ጅግጅጋን ጎርፍ መትቶ ሕይወት ቀጠፈ፤ በአርብቶ አደሩ አካባቢ ደግሞ ድርቁ ያከሳው ከብት የመጀመሪያውን ዝናብ ብርድ አይችልም። በዚህ ጊዜ ግን መንግሥትና ረጂ ድርጅቶች ከእርዳታ ስንዴው ጎን ለጎን ዘር ለተበላበት ገበሬ አስቸኳይ ዘር ወደ ወረዳዎች አጓጉዘዋል። የክፉ ቀኑ የደስታ በሽታም ቢሆን ቀደም ብሎ፣ በ2003 ዓ.ም.፣ ከዓለም መጥፋቱ በይፋ ታውጆ ነበር፤ በሬውን ለገበያ የሚያወጣው የመኖ እጦት ግን አሁንም ከድርቁ ጋር ይመጣል።