ስንዴን ከዋግ ለመታደግ የዘረመል ምልክት

ዋግ በስንዴ ግንድና ቅጠል ላይ እንደ ዝገት ያለ ዱቄት የሚያወጣ የፈንገስ በሽታ ነው። ዱቄቱ የፈንገሱ ዘር ሲሆን ነፋስ ከማሳ ወደ ማሳ፣ ከአገር ወደ አገርም ያደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 በኡጋንዳ የተገኘውና ዩጂ 99 የተባለው የግንድ ዋግ በ2006 በኦማን ጎረቤት በየመን፣ በ2007 ደግሞ በኢራን ታይቷል። በመሆኑም በሽታው ለምሥራቅ አፍሪካም ሆነ ለዐረብ ልሳነ ምድር የጋራ ሥጋት ነው።

በኢትዮጵያ በ2010 የተነሣው ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ስንዴ ክፉኛ ስለጎዳው ብዙ ገበሬዎች ዲጋሉ ወደተባለው ዝርያ ዞሩ። ዲጋሉ ዩጂ 99ን ይቋቋም ነበር። ይሁንና በ2013 መጨረሻ ከዩጂ 99 የተለየ የግንድ ዋግ በአርሲና በባሌ ተነሥቶ የዲጋሉን ማሳዎች አወደመ። ዝርያው የተመካበት ኤስአር ቲኤምፒ የተባለው ዘረመል አዲሱን ዋግ ሊገታ አልቻለም። በአንድ ተከላካይ ብቻ የቆመ ስንዴ ተከላካዩ ሲሸነፍ አብሮ ይወድቃል።

መፍትሔው በርካታ ተከላካይ ዘረመሎችን በአንድ ዝርያ ማሰባሰብ ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ ስለሚሸፍን ግን ተክሉ ስንቱን እንደያዘ በዓይን መለየት ያዳግታል። የዘረመል ምልክት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ምልክቱ ከተከላካዩ ዘረመል አጠገብ የሚገኝ፣ በቤተ ሙከራ የሚለይ የዲኤንኤ ክፍል ነው። ጎረቤታሞች በመሆናቸው ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይወረሳሉ። ተመራማሪው ሁለት ዝርያዎችን ካዳቀለ በኋላ ከቡቃያው ጥቂት ቅጠል ወስዶ ይመረምራል፤ ምልክቶቹ ያሉበትን ያስቀራል፣ የሌሉበትን ያስወግዳል። በሽታው እስኪታይ መጠበቅ አያሻውም። ኤስአር 2 እና ኤልአር 34 የተባሉት ዘረመሎች በዚህ መንገድ ይፈለጋሉ። ሁለቱም በሽታውን ፈጽመው ባያስቀሩም ሥርጭቱን ያዘገያሉ፤ ከሌሎች ጋር ሲጣመሩም ጉልበታቸው ይጨምራል።

በምልክት መምረጥ የማሳ ሙከራን አይተካም። ምልክትና ዘረመል አንዳንድ ጊዜ ይለያያሉ፤ ዋጉም ይለዋወጣል። ስለዚህ የተመረጡት ተክሎች እንደ ቁሉምሳና ደብረ ዘይት ባሉ የግብርና ምርምር ማዕከላት በሽታው በሚበረታበት ማሳ ላይ ይፈተናሉ።

ለማዳቀል የሚሆነው ሀብት በኦማንም አለ። በአፍላጅ መስኖ የሚለሙት የአገሪቱ ነባር ስንዴዎች በ2006 እና በ2007 በታተሙ ጥናቶች በዘረመል ምልክት ተመርምረው ሰፊ ብዝኃነት ታይቶባቸዋል። እንዲህ ያሉ ነባር ዘሮች ከጠፉ ነገ የሚፈለገው ተከላካይ ዘረመል አብሮ ሊጠፋ ይችላል።