ሽመናና ሸክላ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ሙዚየሞች

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ ሙዚየሞች የጥንት ሸክላ በቀላሉ ይገኛል፤ የጥንት ጨርቅ ግን ብርቅ ነው። ይሁን እንጂ የአገሪቱ የሙዚየም ታሪክ የጀመረው በልብስ ነው። በ1936 ዓ.ም. ንጉሣውያን ቤተሰቦችና ባለሟሎቻቸው የለገሷቸው የክብር አልባሳት ለሕዝብ እይታ ቀረቡ። የዛሬው ብሔራዊ ሙዚየም ግን ያደገው በኋላ ከተቋቋመው የአርኪዮሎጂ ተቋም ነው፤ ቁፋሮ ደግሞ የሚያወጣው በአብዛኛው ድንጋይና ሸክላ ነው። ከሰበታ በስተ ደቡብ በአዋሽ ዳር ያለውና እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መልካ ቁንጡሬ በድንጋይ መሣሪያዎቹና በቅሪተ አካላቱ ይታወቃል።

ጥጥ በአክሱም ዘመን እንግዳ አልነበረም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጸ የንጉሥ ዒዛና የድል ጽሑፍ በኖባ አገር ስለተደመሰሰ የእህልና የጥጥ ክምችት ያወሳል። ጨርቁ ግን ከደጋው ዝናብ፣ ከምስጥና ከራሱ ከባለቤቱ አያመልጥም፤ ጋቢ እስኪያልቅ ይለበሳል፣ ከዚያም ለሌላ ሥራ ይውላል። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ግርጌ ነገሩ ሌላ ነው። የፔሩ አርኪዮሎጂስት ሁሊዮ ቴዮ እ.ኤ.አ. በ1927 በፓራካስ ደረቅ የባሕር ዳር ምድር ከ400 በላይ የአስከሬን ጥቅሎች አገኘ፤ አስከሬኖቹ የተጠቀለሉበት ባለ ጥልፍ ጨርቅ ከ2000 ዓመት ገደማ በኋላም ቀለሙን አልለቀቀም።

የኢትዮጵያና የፔሩ ሸክላ ሠሪዎች ግን ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም በተለምዶ ያለ መንኮራኩር በእጅ ይሠራሉ። በኢትዮጵያ እንስራውን፣ ጀበናውንና ምጣዱን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ጥጡን በእንዝርት የሚፈትሉትም እነሱ ሲሆኑ፣ ሸማኔው ግን በተለምዶ ወንድ ነው፤ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ መርገጫውን ይረግጣል። በአንዲስ ግን ሴቶችም ይሸምናሉ፤ ድሩ የሚወጠረው ከሸማኔዋ ወገብ ጋር ታስሮ ነው።

ከኢትዮጵያ የድሮ ሽመና እጅግ ዝነኞቹ በውጭ አገር ይገኛሉ። በጎንደር ዘመን ከሐር የተሸመኑ፣ ሙሉ የሰው ምስል የሚታይባቸው የቤተ ክርስቲያን መጋረጃዎች በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየምና በቶሮንቶው ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም አሉ፤ የቶሮንቶው ከ5 ሜትር በላይ ይረዝማል። የለንደኑ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ዘረፋ የተወሰደ ነው። በአገር ቤት የቀረው የድሮ ጨርቅ ብዙም በማይታሰብበት ቦታ ይገኛል። በብራና መጻሕፍት ገበታ ውስጠኛ ፊት ላይ ከሕንድና ከአውሮፓ የመጡ ቁራጭ ጨርቆች ተለጥፈዋል፤ ብዙ ጎብኚ ሥዕሉን ብቻ አይቶ ያልፋቸዋል።

የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የኢትኖሎጂ ሙዚየም በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ሙዚየሙ ዕቃዎቹን በብሔረሰብ ሳይሆን ከልጅነት እስከ ሞት ባለው የሰው ሕይወት ቅደም ተከተል አሰናድቷል፤ ይህ ምርጫ የሚያስመሰግነው ነው፣ ጋቢውም ጀበናውም ከሰው ኑሮ ጋር ተያይዘው ይታያሉና።

ሽመናው ራሱ በከተማዋና በዙሪያዋ አልቆመም። ከእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ የሸማ ገበያ ነው፤ ቀጨኔ ደግሞ በሸክላ ሠሪዎቹና በሸማኔዎቹ ይታወቃል። በቡራዩ ከጋሞ የመጡ ሸማኔዎች ኖረዋል፤ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በደረሰው ጥቃት በርካታ የጋሞ ተወላጆች ከዚያ ተፈናቅለዋል። በሰበታ በኩል ዓለም ገና ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተክሏል።